የላይኛው ማሳ ፈሰስ

የመንዝን አገር ዳርቻ ለማመልከት የሚነሣ ሰው ከተራራና ከድንጋይ ይልቅ ወንዝ ቢቈጥር ይቀለዋል፤ በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጭኔ ዙሪያውን ይዘውታልና፤ በምሥራቅ በኩል ብቻ በወንዝ ፋንታ ወንዞቹን የሚወልደው የተራራ ሰንሰለት ቆሞ መንዝን ከኤፍራታ፣ ከግድምና ከቀወት ቆላ ይለየዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት መግቢያ በመንዝ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠናው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአገሩን ወሰን የገለጸው በእነዚሁ ወንዞችና በዚሁ ተራራ ነው። ከተራራው ጫፍ በስተምዕራብ የወደቀ ዝናብ በማማ፣ በላሎና በጌራ ምድር ላይ አልፎ፣ በአዳባይና በወንጪት ገደል ወርዶ፣ የመርሐቤቴን ግርጌ ታኮ ጀማን ይቀላቀላል፤ በጀማም በኩል ዓባይ ይገባል። በስተምሥራቅ የወደቀው ግን በሮቢ፣ በጀውሃና በአጣዬ ቁልቁል ተወርውሮ ወደ አዋሽ ያመራል፤ ከአዋሽም ጋር ባሕር ሳያይ በአፋር በረሓ ይቀራል። እንግዲህ በመንዝና በአጎራባቹ በግሼ ደጋ ያለ ገበሬ በማሳው ላይ የበተነው ነገር፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ በቅርብ ጎረቤቱ ደጃፍ ብቻ ሳይሆን ስሙን በማያውቀው፣ በሁለት ወገን በተቀመጠ ሕዝብ ደጃፍ ጭምር ያልፋል።

ይህ ሐተታ የሚመለከተው ያንን በማሳ ላይ የሚበተነውን ነገርና ውሃ ይዞት የሚሄድበትን መንገድ ነው፤ ይልቁንም በቅርብ ዘመን በየወንዙ ዳር የፍራፍሬ ተክል እየበዛ፣ ከተክሉም ጋር የፋብሪካ ማዳበሪያና ጸረ ተባይ እየገባ በመሄዱ፣ የጥንቱ የውሃና የአፈር ሥርዓታችን ምን እንደ ነበረና ምን እንደሚጎድለው መመርመር የተገባ ሆኗል። አበው ስለ ውሃ ብዛትና ማነስ፣ ስለ ተራውና ስለ ቅድስናው የጠነከረ ሥርዓት ነበራቸው፤ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስለሚሄደው ነገር ግን ሥርዓት አልሠሩም፤ ያልሠሩትም ሥርዓት የሚያስፈልገው ነገር በዘመናቸው እምብዛም ስላልነበረ ነው። ዛሬ ነገሩ መጥቷል፤ ሥርዓቱ ግን ከቀበሌው ገና አልደረሰም።

ከሥርዓቶቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ቄሮ የሚባለው የጓሳው ጥበቃ ሥርዓት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የጓሳ ምድር፣ ጅባራና አስታ የሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት፣ የብዙ ምንጮች መፍለቂያ የሆነ አገር ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ17ኛው ምዕት ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ፈረስ ጋልበው ምድሩን ለሁለት ተካፈሉት፤ ከእነርሱ የሚወለደውም ወገን በጓሳው የመጠቀም መብት እያወረሰ ኖረ። ሣሩ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ እረኛው ዝናብ የሚከለልበት ገሳ የሚሠራበት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ጓሳውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይዘጋዋል፤ በተዘጋበት ዘመን ማጭድ ይዞ የገባ፣ ከብት ያሰማራ ሰው በጠባቂዎች ተይዞ ብርቱ ቅጣት ይቀበላል፤ ከቅጣቱም በላይ የቤተ ክርስቲያን ውግዘት ያስፈራዋል። ሣሩ ደርሶ አለቃው ዕለቱን ባሳወቀ ጊዜ ግን ሕዝቡ ተሰብስቦ እንደየድርሻው ያጭዳል።

በዚህ ነገር አበውን ያለ ልክ ማመስገን የሚወዱ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን ሁለት ነገር መለየት ይገባል እላለሁ። አንደኛው፣ ቄሮ የባለ ርስቶች ሥርዓት እንጂ የሁሉ ሥርዓት አልነበረም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር መወለዱን ሊቈጥር ያልቻለ ሰው ከጓሳው ሣር ድርሻ አልነበረውም። ሁለተኛው፣ ጓሳው የተከለለው ለክዳን ሣር ሲባል እንጂ ለውሃ ሲባል አይደለም። ቢሆንም ማረሻ ያልገባበት፣ ሥሩ የተቈላለፈ ሣር የለበሰው ምድር የክረምቱን ዝናብ እየጠጣ በበጋ በምንጭ በኩል ቀስ እያለ ስለሚመልሰው፣ ሣር ጠባቂዎቹ ሳያስቡት ውሃ ጠባቂዎች ሆነው ኖሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የርስት መብት ከነሥሩ ተነቀለ፤ ከርስቱም ጋር የቄሮው ሥልጣን ወደቀና ጓሳው ለጥቂት ጊዜ ማንም እንደ ልቡ የሚገባበት ሆነ። በኋላ ግን ገበሬዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ ተደራጅተው ጥበቃውን መለሱት፤ ዛሬም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ በክልሉ መንግሥት ዘንድ የታወቀ ነው።

ከጓሳው ወረድ ብሎ የሚታረሰው የገብስ አገር የተመገበው በሌላ ጥበብ ነበር። ገበሬው መሬቱን እያፈራረቀ ያሳርፋል፤ ገብሱን በባቄላና በአተር ይተካል፤ በቤቱ ዙሪያ ያለውን የጓሮ መሬት በአመድና በፍግ ያጠግባል። ዛፍ በጠፋበት ደጋ ግን ኩበት የምድጃ ማገዶ ነውና ፍጉ ከጓሮ አልፎ ሩቅ ማሳ አይደርስም። ስለዚህም በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ይልቁንም በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ብዙ ዓመት ጦም ያደረን መሬት ገልብጠው፣ ሣርና ሥር የተቀላቀለበትን አፈር ክምር ክምር አድርገው፣ በመካከሉ ኩበት አግብተው የሚያጋዩበት ልማድ ነበረ። የጋየው አፈር ቀልቶና ፈርፍሮ በመጀመሪያው ዓመት ያማረ ገብስ ይሰጣል፤ በሁለተኛው ዓመት ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት እስኪያርፍ ድረስ ይተዋል። የአፈር ሊቃውንት ነገሩን መርምረው እሳቱ በአፈሩ ውስጥ የተያዘውን ፎስፈረስ እንደሚፈታው፣ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የተጠራቀመውን ብስባሽ እንደሚበላው ጽፈዋል። በክፉ ቀን ጊዜ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ከብቱ በደስታ በሽታ ባለቀ ጊዜ፣ አገሩ የጎደለው በሬው ብቻ ሳይሆን ፍጉም ነበር፤ ስለ በሬው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፍጉ ግን የጻፈ ጥቂት ነው።

የውሃን ነገር በቅርብ ለማየት የሚወድ ሰው በሐምሌ ወር ወደ ደጋ ማሳ ይሂድ። ገበሬው ዘሩን ዘርቶ፣ ማረሻውን አጋድሞ፣ በማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት ያለው ሰያፍ ቦይ ያወጣል፤ ይህ ቦይ ፈሰስ ይባላል። ፈሰሱ በጣም ቀጥ ብሎ ከወረደ አፈሩን ይሰነጥቀዋል፤ በጣም ከተጋደመ ደግሞ ውሃው ሞልቶ ይዘልቀዋል፤ ስለዚህ የፈሰስ አወጣጥ በዓይን ልክ የሚታወቅ፣ ልጅ ከአባቱ ጀርባ እየተከተለ የሚማረው ጥበብ ነው። መረሬ አፈር ባለበት በእነዋሪ ገበሬው ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብና ቦይ ያወጣ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ታዲያ ዝናቡ በወረደ ጊዜ የፈሰሱ ውሃ መጀመሪያ የጠራ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ገለባ፣ በጠጥና የፍግ ፍርፋሪ ይዞ ቡናማ ይሆናል፤ በማሳው ዳር ሲደርስም የሚገባው በታችኛው ሰው ማሳ ነው። «ፈሰስህን ለቀቅህብኝ» የሚለው ክርክር በደጋው አገር የኖረ ክርክር ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ቦታውን በዓይናቸው አይተው፣ ፈሰሱ በወሰን ላይ እንዲወርድ ወይም ወደ ወል ገደል እንዲዞር ይፈርዳሉ። ከዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ዳኝነቱ የሚሰጠው ስለ ጎርፉ ጉልበትና ስለ ተወሰደው አፈር መሆኑን ነው፤ ፈሰሱ የታችኛውን ሰው መጠጥ አበላሸ ተብሎ ሽማግሌ ይቀመጥ አልነበረም።

በመስኖም ዘንድ ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በብዙው የአማራ አገር ወንዝ ጠልፈው የሚያለሙ ገበሬዎች የውሃ አባት ይመርጣሉ፤ እርሱም የማን ተራ በየትኛው ቀን፣ ከጎሕ እስከ ቀትር ወይስ ከቀትር እስከ ምሽት መሆኑን ይቈጥራል፤ ተራ የሰረቀውን ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም በበኩሏ ጸበል የሚፈልቅበትን ምንጭ በሥርዓት ትጠብቃለች፤ በዚያ ልብስ አይታጠብም፣ ከብት አይነዳም። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ የሚለው አሳብ ለሕዝባችን እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን ንጽሕናው የሚፈለገው በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም በተጠራው ምንጭ ላይ እንጂ ማሳውን አቋርጦ በሚያልፈው ተራ ወንዝ ላይ አልነበረም።

ውሃ መርዝ ተሸክሞ እንደሚሄድስ አበው አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመርና የደነዘዘውን ዓሣ መልቀም በኢትዮጵያ የታወቀ የአጠማመድ ዘዴ ነው። በ1957 ዓ.ም. ገደማ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አይተው፣ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረዱ፤ በዚህም ሥራ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዓለም የታወቀ ሽልማት ተቀበሉ። በእኔ አስተያየት የዚያ ምርምር ትልቁ ነገር መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚሠራ ሥራ ከታች ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ዓይንን ከወንዙ ሥር ማሳረፍ እንደሚገባ ማሳየቱ ነው። ብርብራና እንዶድ ግን በፀሐይና በጊዜ የሚበሰብሱ፣ በወንዙም በጥቂት ቦታ ብቻ የሚሠሩ ዕፅዋት ናቸው፤ ከማሳው ላይ ተባይ በተነሣ ጊዜም ሕዝቡ የሚያውቀው ምህላ መያዝን፣ ጸበል መርጨትን፣ አንበጣውንም በጭስና በጩኸት ማባረርን ነበር።

ፍራፍሬ በዚህ አገር ከጥንት ያልነበረ አይደለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየመኳንንቱ ጓሮ ሎሚ፣ ትርንጎና ኮክ ይተከል ነበር። ነገር ግን ጥቂት ዛፍ የሚተክል ሰው የሚጠብቀው ከወፍና ከልጅ እንጂ ከተባይ አይደለም፤ ዛፍ በብዛት ተሰልፎ በአንድ ቦታ በቆመ ጊዜ ነው ተባዩም ተሰልፎ የሚመጣው። ይህን የአውሮፓና የአሜሪካ ገበሬዎች አስቀድመው አይተውታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሊቅ ሚያርዴ መዳብ ያለበትን ሰማያዊ ድንጋይ ከኖራ ጋር ቀላቅሎ የወይንን ሻጋታ የሚከላከል መርጫ አስተዋወቀ፤ ይህም በቦርዶ ከተማ ስም የሚጠራው ድብልቅ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው አቆጣጠር በ1892 አሜሪካኖች የእርሳስ አርሴኔት የሚባለውን መርዝ በማሳቹሴትስ ቢጀምሩት፣ የፖምን ትል ለመግደል ከሌላው ሁሉ የበለጠ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ዲዲቲ የሚባለው ሌላ መርዝ እስኪመጣ ድረስ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል በፖም ዛፎች ላይ ሲረጭ ኖረ። እርሳስና አርሴኒክ የሚበሰብሱ ነገሮች አይደሉምና፣ የዋሽንግተን ክፍለ አገር የጥንት የፖም ማሳዎች አፈር ዛሬም ይዟቸው ይገኛል፤ ዛፉ ተነቅሎ ቤትና ትምህርት ቤት በተሠራበት ቦታ እንኳ አፈሩን መመርመር ግድ ሆኗል። የእነርሱን ነገር እዚህ ማንሣቴ በክፋታቸው ለመፍረድ አይደለም፤ እነርሱ ለመማር የከፈሉትን ዋጋ እኛ ደግመን መክፈል ስለማይገባን ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመርዙ መግቢያ በር የፍራፍሬ ማሳ ሳይሆን አንበጣና ወባ ነበሩ። በ1950ዎቹ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት የቆላውን ቤት ግድግዳ በዲዲቲ መርጨት ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሓ አንበጣን በኅብረት ለመከላከል ተዋዋሉ። ለግድግዳ የመጣ ዲዲቲ ውሎ አድሮ ከሰብል ላይ መርከፍከፉ አልቀረም፤ በአዳሚ ቱሉ የሚገኘውም ፋብሪካ ዲዲቲን በአገር ውስጥ ሲያዘጋጅ ኖሯል። የፋብሪካ ማዳበሪያ የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በ1959 እና በ1960 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በገበሬ ማሳ ላይ የማዳበሪያ ማሳያ አደረገ፤ በ1960 ዓ.ም. የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በየመንገዱ ዳር ላለው ገበሬ ሁሉ የታሰበው አነስተኛ የእርሻ ፓኬጅ ፕሮግራም ተከተሉ። ዳፕና ዩሪያ የሚሉት ቃላት ያን ጊዜ ገብተው ከገበሬው አፍ አልወጡም። በ1987 ዓ.ም. የኤክስቴንሽን ሥራው በአገር ደረጃ ሲስፋፋ ማዳበሪያው በብድር እስከ ሩቅ ቀበሌ ደረሰ፤ በ2006 ዓ.ም. ገደማም ድኝ የተጨመረበት ኤን ፒ ኤስ የዳፕን ቦታ ወሰደ።

ፍራፍሬ በሰፊ ማሳ ቀደም ብሎ ከተተከለባቸው ስፍራዎች አንዱ የአዋሽ ሸለቆ ነው፤ የኑራ ኤራና የመርቲ ብርቱካን በአገሩ ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው። ፖምን ደግሞ በ1940ዎቹ ዓመታት ሚሲዮናውያን በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ ተከሉት፤ ዛፉ ቅዝቃዜ ካልቀመሰ አያብብምና ውርጭ ያለበት ደጋ ተስማማው፤ ከዚያም ችግኙ ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ደጋ እየተሻገረ መጣ። በመርሐቤቴ በኩል ያለው ነገር ከአንድ እንግዳ ሰው ስም ጋር የተያያዘ ነው። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንስ በም ያቋቋመው ድርጅት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓለም ከተማ በተባለችው የመርሐቤቴ ከተማ ተቀምጦ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከትምህርት ቤቱና ከምንጭ ማጎልበቱ ሥራ ጋር የአትክልትና የፍራፍሬ ችግኝ ለገበሬው ያድል ነበር። ያ ሥራ የሚመሰገን ነው፤ በጀማና በወንጪት ሸለቆ ሙቀትና ውሃ አብረው የሚገኙበት ቦታ ስላለ፣ ማሽላ ብቻ ያውቅ ለነበረ ቤት ፓፓያ፣ ማንጎና ብርቱካን ገንዘብ ሆነውለታል። በተራራው ምሥራቅ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ያለው ቆላም በሮቢ ውሃ እየለማ በሽንኩርትና በፍራፍሬ ገበያ ገብቷል።

አሁን የነገሩ ዋና ክፍል ላይ ደርሰናል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ተክሉ ካልወሰደው ከፊሉ ናይትሬት ወደ ተባለ፣ በውሃ ፈጽሞ ወደሚሟሟ ነገር ተለውጦ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ይሰርጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሀንተር ኮምሊ በአዮዋ ክፍለ አገር ከጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ወተት የተበጠበጠላቸው ሕፃናት ሰውነታቸው ሰማያዊ ሲመስል ምክንያቱ ናይትሬት መሆኑን አስረዳ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ50 ሚሊ ግራም የበለጠ ናይትሬት እንዳይገኝ መጠን አቁሟል። ፎስፈረስ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ የሚሄደውም አፈሩ ሲሄድ ነው። በዚህ ምክንያት የደጋችን የማዳበሪያ ፍሳሽ ከጎርፍ ነገር ተለይቶ አይታይም። በ1974 ዓ.ም. ከደብረ ሲና በላይ በአንዲት ጥድ በስዊሶች እርዳታ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር በየጊዜው ሲለካ ኖሯል፤ አፈሩ ወደ ወንዝ የሚወርደው ደግሞ ቀደም ብለን ባየነው በዚያው በፈሰሱ በኩል ነው። ከዓባይ ራስ በጣና ሐይቅ በ2004 ዓ.ም. የታየውና እስካሁን ያልጠፋው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረምም የሚመገበው ከየማሳውና ከየከተማው ታጥቦ በሚገባ በዚህ ዓይነት ምግብ ነው።

የገብስ ማሳና የፍራፍሬ ማሳ ግን በዚህ ነገር እኩል አይደሉም፤ ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አላስተዋለውም። ገብስ በደጋ ተዳፋት ላይ ይዘራል፤ ማዳበሪያው የሚበተነው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ የሚታጠበውም በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ብዙውን ነገር በሚያቀጥንበት ጊዜ ነው። የፍራፍሬ ማሳ ግን ከወንዝ አይርቅም፣ መስኖ ያስፈልገዋልና፤ ዋና ሥራውም በበጋ ነው፤ በጋ ደግሞ የወንጪት ገባሮች ቀጥነው ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ የሚጠጡበት ጊዜ ነው። ጸረ ተባዩ የሚረጨው አበባ ሲያብብ፣ ፍሬ ሲቋጠርና ፍሬ ሲበስል እየተደጋገመ ነው፤ በአበባ ጊዜ የተረጨ ማላታይን የተባለ ጸረ ተባይ ትሉን ብቻ ሳይሆን ንቡንም ይጨርሳል፤ ወንዝ ከገባም ዓሣውን ይጎዳል። ማላታይን ከዲዲቲ ይልቅ ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ መዳብ ያለበት መርጫ ግን ከቶ አይበሰብስም፤ በየዓመቱ በአፈሩ ላይ እየተደረበ ይሄዳል።

ከሁሉም የሚከፋው የተረጨው ሳይሆን ከተረጨው የተረፈው ነው። ገበሬው ከገበያ ግማሽ ሊትር መድኃኒት ይገዛል፤ ሻጩ ከትልቁ ጀሪካን በለስላሳ ጠርሙስ ቀድቶ ሲሰጠው ጽሑፉ በጀሪካኑ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ስንት እንደሚበጠብጥ የሚነግረው የጎረቤቱ ልማድ ብቻ ነው። የጀርባ መርጫውን ተሸክሞ ዛፍ ለዛፍ ይዞራል፤ ሥራውን ሲጨርስ መርጫውን የሚያጥበው ውሃ በሚያገኝበት ስፍራ ነው፤ ያም ስፍራ ወንዙ ነው። ከመርጫው ታጥቦ የወጣው ጉንጭ የማይሞላ ፈሳሽ፣ ከማሳው በዝናብ ታጥቦ ከሚወርደው ሁሉ ይልቅ ለዚያች ለቀጠነች የበጋ ወንዝ ሊከብድ ይችላል። ይህን የሚያደርገውን ሰው ክፉ ሰው ነው የሚል ፍርድ የለኝም፤ መርዙን በእጁ የሰጠው ዘመን የመርዙን ሥርዓት አብሮ አልሰጠውም።

ሕጉስ የት ነው ቢሉ፣ በወረቀት ላይ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም.፣ የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥተዋል። ከዚያም በፊት ባለፉት መንግሥታት ዘመን ተገዝቶ በየመጋዘኑ ጊዜው ያለፈበት መርዝ እየፈሰሰ በመቶ በሚቈጠሩ ቦታዎች ስለ ተገኘ፣ ከ1990ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ከሺህ ቶን የሚበልጠው ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እንዲቃጠል ተደርጓል፤ በርካሽ የተገዛ መርዝ በውድ ዋጋ ከአገር ተሸኘ ማለት ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ዐዋጅ በወንጪት ዳር መርጫውን የሚያጥበውን ሰው እጅ አይዝም። እጁን ሊይዝ የሚችለው ጎረቤቱ፣ ከእርሱ በታች የሚቀዳው ሰው ነው፤ ይህም በአገራችን ያልተሞከረ ነገር አይደለም፤ ጓሳውን ለብዙ ዘመን የጠበቀው ከሩቅ የመጣ ጭፍራ ሳይሆን በወሰኑ የተስማማ ጎረቤት ነበርና።

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በ2006 ዓ.ም. ተሰጥቷል፤ በዚያ ዓመት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 841 የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዲቋቋምና የራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ይፈቅዳል። እንግዲህ በመርሐቤቴ፣ በመንዝ፣ በግሼና በቀወት በመስኖ የምታለሙ ገበሬዎች፣ የውሃውን ተራ በምትቈጥሩበት በዚያው ደንብ ላይ ሦስት ነገር እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ፤ መርጫ በወንዝና በቦይ እንዳይታጠብ፣ በፍራፍሬው ማሳና በወንዙ መካከል የማይታረስ የሣር ድንበር እንዲቀር፣ አበባ ባበበበት ጊዜም ንብ በሚሰማራበት ሰዓት ጸረ ተባይ እንዳይረጭ። ይህን ለማድረግ የመንግሥት ገንዘብ አይጠበቅም፤ ማኅበሩ በሚቀጥለው ስብሰባው ሊወስነው ይችላል።